እንክብሉ ውስጥ የገባው እምነት

በሱዳን ድንበር ባለችው ኮኪት ውኃ በካሮ፣ አህያ በሚጎትተው ጋሪ ነው የሚመጣ። ባለካሮው በሽር ይባላል፤ ከድንበሩ ማዶ የተወለደ፣ አማርኛን እየሰባበረ፣ ግን እየሳቀ የሚናገር ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት አህያውን ጥሩአየሁ በር ላይ ያቆምና ይጣራል።

«ኡሚ! ዛሬም ስድስት ጀሪካን?» እናቶችን ሁሉ ኡሚ ነው የሚላቸው።

«ስድስት አድርገው፣ በሽር።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሁለት ይወስዳል። አንቺ ቤት ዝሆን ታጥቢያለሽ?»

ጥሩአየሁ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። የሚታጠበው ዝሆን አልነበረም። የልጇ የስርጉት እጅ ነበር።

ስርጉት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት የጀመራት ነገር ቀስ እያለ ቀኗን በላው። ጠመኔ ከነካች ትታጠባለች። የበር እጀታ ከነካች ትታጠባለች። ሰው ሰላም ካላት ትታጠባለች። ታጥባ ስትጨርስ «በደንብ አልታጠብኩም» የሚል ሐሳብ ይመጣባትና እንደገና ትጀምራለች። ሳሙናው አልበቃ ሲላት በረኪና ጨመረችበት፤ የጣቶቿ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የጀመረች ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ትደርሳለች። ተማሪዎቹ ከኋላዋ «ቲቸር በረኪና» ይሏታል። ትሰማቸዋለች።

ሰው እብድ ይላታል እንጂ እብድ አይደለችም። እሷ ራሷ፣ «እማ፣ እጄ ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ። ልቤ ነው አልሰማኝ ያለ» ትላለች። ከሰው ሁሉ ሳትፈራ የምትቀበለው የእናቷን እጅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ያቀረበላትን አትቀምስም፤ ጥሩአየሁ ያጎረሰቻትን ግን ዐይኗን ጨፍና ትውጣለች። ጥሩአየሁም የልጇን የቆሰለ ጣት እያየች፣ «እኔ አፈር ልብላልሽ፣ ልጄ! እኔ አፈር ልብላልሽ!» ትላለች። የሀገራችን እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትል። ምን እንደምንል ሳናስበው ነው የምንለው።

ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት መመላለስ ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዶክተር ሙሉአለም የሚባለው ሐኪም ሕመሙ ስም እንዳለው፣ እሷ ብቻ እንዳልታመመችው ነገራቸው። መድኃኒት ሰጣት፤ ጥቂት ረዳትና ቆመ። ለወጠላት። ሦስተኛም ሞከረ። ሳትታጠብ የመቆየት ልምምድም አስጀመራት። በሽታው ግን እንቢ አለ። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የሰሊጥ አጨዳው እንዳለቀ፣ ሁለቱንም አስቀመጠና እንዲህ አላቸው።

«ስርጉት፣ የምትወስጂውን አናቆምም። በላዩ ላይ ሌላ እንደርብበታለን። ይኼ ደራቢ መድኃኒት ለሌላ ሕመም ሲሰጥ የኖረ ነው። ላንቺ ዓይነቱ፣ መድኃኒት እንቢ ላለው ሰው ይረዳ እንደሁ ግን ገና እየፈተንን ነው። ጥናቱ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ግማሹ ሰው እውነተኛውን ይወስዳል። ግማሹ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ እንደ ዱቄት ያለ ምንም የማያደርግ ነገር ይወስዳል። ማን የትኛውን እንደያዘ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም።»

«እንዴት ነው ዶክተር?» አለች ጥሩአየሁ። «ሐኪም የሚሰጠውን ሳያውቅ?»

«ካወቅኩ ዐይኔ ያዳላላ፣ እማማ። ያልተሻላትን ተሻላት እላለሁ። ስለዚህ ምሥጢሩ በሌላ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጣል። ስትፈልግ ደግሞ መተው ትችላለች፤ ማንም አያስገድዳትም።»

ስርጉት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። «እገባለሁ» አለች። «ለኔ ባይሆን ከኔ በኋላ ለምትመጣ ልጅ ይሆናል።» እስክሪብቶውን በሶፍት ይዛ ፈረመች።

ጥሩአየሁ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው አንዲት ቃል ነበር፤ «እየፈተንን ነው» የምትለዋን። ፈተና! ሰይጣን ነው የሚፈትን። ወደ ኮኪት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ይህችን ቃል ስታኝክ ሄደች።

የመጀመሪያው ሳምንት እንክብል በውኃ አለቀ። ስርጉት ጠርሙሱን አጠበችው፣ ክዳኑን አጠበችው፣ በመጨረሻ እንክብሎቹንም አጠበቻቸው። ቀለጡ። የጥናቱ ነርስ ሲስተር አይናለም ነገሩን ስትሰማ የጠፋውን ተካችና ለጥሩአየሁ ደወለች።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠርሙሱ በእርስዎ እጅ ይሁን። ከእርስዎ እጅ ትቀበላለች አይደል? በየጠዋቱ አንድ በማንኪያ ይስጧት። እኛ እርስዎን ነው የምናምን።»

«በጄ፣ ልጄ» አለች ጥሩአየሁ።

በማግሥቱ ጎረቤቷ አለምነሽ መጥታ ጥሩአየሁን ሰሊጥ ስታበጥር አገኘቻትና በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር አብራት ተቀመጠች። አለምነሽ ደግ ሴት ናት። ጥሩአየሁ ስታማጥ የያዘቻት እሷ ናት። ግን የማታውቀውን ነገር አላውቅም ማለት አይሆንላትም።

«ምን አልሽኝ? ሊፈትኗት?» አለች አለምነሽ። «ጥሩዬ፣ ቀልብሽ የት ሄደ? ልጅ ለፈተና ይሰጣል?»

«መድኃኒት ነው እኮ የሚሉ።»

«አንቺው ነሽ ዱቄት ነው አለኝ ያልሽኝ! ዱቄት ቤትሽ ጠፍቶ ነው ጎንደር ድረስ የምትሄጅ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አለምነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ፣ እቴ። ጠበል ስትወስጃት ለምን አልያዘላትም? ጠበልና ክኒን አንድ ሆድ ውስጥ አይገቡም። ክኒኑ ጠበሉን ይገፋዋል። የድሮውስ ለምዷት ይሆናል፤ ይኼ ደግሞ ተደርቦ ሲመጣ ለእግዜር ምን ቦታ ተረፈው?»

አለምነሽ ሄደች፤ ነገሩ ግን ቀረ። ጥሩአየሁ ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። መድኃኒቱን አልሰጥም እንዳትል ልጅቱ ተስፋ አድርጋለች። እሰጣለሁ እንዳትል ፈራች። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ሲመጣላትም ከመንፈስ ቅዱስ የመጣ መሰላት። ሐኪሙ ራሱ ዱቄት ሊሆን ይችላል ብሏል። ዱቄት ከሚሆን ለምን እምነት አይሆንም?

እምነት የምንለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አፈር ነው። በሽተኛ ግንባሩን ይቀባዋል፣ አንዳንዱም በውኃ በጥብጦ ይጠጣዋል። ጥሩአየሁ ከራስጌዋ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ያስቀመጠችው ነበራት። ስርጉት ግን አፈር ስለሆነ አታስነካትም፤ ሁለት ጊዜ ልትቀባት ሞክራ ልጅቱ ጮኻ ሸሽታለች።

በማግሥቱ ጠዋት ስርጉት ጓሮ ስትታጠብ እናቷ አንዱን እንክብል በሰፌድ ላይ አስቀመጠች። እንክብሉ ሁለት ቅርፊት የተጋጠመ ነው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ ውስጡ አይታይም። ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ ተላቀቀ። ነጩን ዱቄት በወረቀት አጠራቀመች። እምነቱን በክብሪት እንጨት እየጠቀጠቀች ሞላችው፤ ገጠመችው፤ በነጠላዋ ጠረገችው። ምንም አይታወቅም። «በስመ አብ» አለችና በማንኪያ አድርጋ ወሰደችላት።

ስርጉት ዋጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማ» አለች።

ነጩን ዱቄት ዶሮ እንዳይለቅመው ከአጥሩ ጥግ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቀበረችው። እንዲህ እያለች አሥራ አንድ ሳምንት፣ ሰባ ሰባት ቀን ቆየች። የድሮውን ክኒን አልነካችም። ጸሎቷንም አላቋረጠችም። ነገር ግን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰፌዱን ከማውጣቷ በፊት በሩን መዝጋት ጀመረች። የእግዚአብሔርን ሥራ የምትሠራ ከሆነ በር መዝጋቱ ለምን አስፈለጋት? ይህን ጥያቄ ያኔ አልጠየቀችም፤ ወይ ጠይቃ መልሱን ሸሸችው።

በየወሩ ጎንደር ሲሄዱ ሲስተር አይናለም የተረፈውን ትቆጥራለች። ቁጥሩ ልክ ነው።

«በየቀኑ ሰጥተዋታል፣ እማማ?»

«አንድም ቀን አላለፈችም» ትላለች ጥሩአየሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገሩ ውሸት። እንዲህ ያለው ውሸት ከውሸት ሁሉ ይከፋል፤ የሚናገረውን ሰው ራሱን ያታልለዋላ።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ዶክተሩ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትታጠብ፣ ሐሳቡ ስንት ጊዜ እንደሚመጣባት፣ ምን ያህል እንደሚያስጨንቃት አንድ በአንድ ጠይቆ ጻፈ። ሲደምረው ቁጥሩ ሲጀምሩ ከነበረው ፈቀቅ አላለም።

«ወይ ዱቄቱ ደርሶሽ ይሆናል» አላት። «ወይም ይኼ መድኃኒት ላንቺ አልሆነም። ጥናቱ ሲዘጋ እናውቃለን። ሌላ መንገድ አለን፣ ስርጉት፤ አልጨረስንም።»

«እኔ ግን ጨርሻለሁ፣ ዶክተር» አለች ስርጉት። አላለቀሰችም። «አንድ መድኃኒት እንቢ አለኝ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንቢ አለኝ። ተደርቦም እንቢ አለኝ። እኔ እኮ የማልድን ነኝ።»

ጥሩአየሁ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። በዚያች ሰዓት አፏን መክፈት ትችል ነበር። አልከፈተችም። የነጠላዋን ጥለት እየቆጠረች መሬት መሬት አየች።

ኮኪት እንደገቡ ስርጉት የድሮውንም ክኒን ተወችው። ከሥራ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሳታስገባው የሕመም ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ውኃው ከስድስት ጀሪካን ወደ ዘጠኝ ወጣ። በረኪናውን ሳትበርዝ እጇ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። አንድ ቀን ጥሩአየሁ የልጇን ፎጣ ስታነሳ ደም አየችበት። አለምነሽን ብታማክር፣ «እምነቱ ገና እየሠራ ነው፤ ታገሺ» አለቻት። በዚህ ጊዜ ግን ልቧ አልተቀበላትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ያረጋል ሄደች።

ቄስ ያረጋል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ጥላ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ኃጢአት አለብኝ።»

«የሌለበት ማን አለ? ተናገሪ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። እምነቱን፣ ሰፌዱን፣ የክብሪት እንጨቱን። ቄሱ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ።

«ልጅቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ አባ።»

«ሐኪሙስ?»

«አያውቅም።»

«እግዚአብሔርስ?»

«እሱማ ያውቃል።»

«እንግዲያ ከማያውቁት ተደብቀሽ፣ ከሚያውቀው ዘንድ ይቅርታ ልትለምኚ መጣሻ።»

ጥሩአየሁ አለቀሰች። «አባ፣ እምነቱ ቅዱስ ነው ብዬ ነው እኮ። ጠበልና ክኒን አይስማማም ሲሉ ሰምቼ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው።»

«እኔ የስኳር መርፌ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠበሌን እጠጣለሁ፣ ከዚያ መርፌዬን እወጋለሁ። ሆዴ ውስጥ ሲጣሉ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።» ቄሱ ፈገግ ሊሉ ጀምረው ተዉት። «ስሚ፣ ልጄ። እምነቱስ ቅዱስ ነው። ስርቆቱ ነው ያልተቀደሰ። ልጅቱ ፈቅዳ ብትቀባው በረከት ነበር። በተንኮል ሆዷ ስታስገቢው ግን ምን ይሆናል? አፈር ነው። ስድስት ዓመት አፈር ስትሸሽ የኖረችን ልጅ!»

«ቀኖናዬን ይስጡኝ፣ አባ። ስግደትም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን።»

«ስግደት ብሰጥሽ ትወጅው ነበር። የኛ ሰው ጉልበቱን ይሰጣል፣ አፉን ግን አይሰጥም። ቀኖናሽ መናገር ነው። መጀመሪያ ለልጅሽ፣ ቀጥሎ ለሐኪሙ። ከዚያ ነይ፤ እፈታሻለሁ።»

ቤት ስትደርስ ስርጉት ራኩባው ሥር፣ ምንም እንዳይነካት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አንሳፋ ተቀምጣለች። ጥሩአየሁ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ እንቢ አላለሽም።»

«ተይኝ፣ እማ።»

«አልዋጥሽውም እኮ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ውስጡን እምነት ሞልቼ ነው የሰጠሁሽ።»

ስርጉት መጀመሪያ አልገባትም። «ምን ሞልተሽ?»

«እምነት። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን።»

«አፈሩን?»

«የተባረከ ነው፣ ልጄ…»

«ስንት ቀን?»

«ሰባ ሰባት።»

ልጅቱ ተነሳች። አንድ ጀሪካን ይዛ ጓሮ ገባች። ጥሩአየሁ የምትሰማው አፍ ሲጉመጠመጥ፣ ሲያስመልስ፣ ደግሞ ሲጉመጠመጥ ነበር። ሁለተኛው ጀሪካን። ሦስተኛው። ልትከተላት ስትል ስርጉት ከውስጥ፣ «እንዳትመጪ!» ብላ ጮኸች። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ዘቅዘቅ ስትል ወጣች። ድዷ ደምቷል። ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«የበር እጀታ እፈራለሁ። ጠመኔ እፈራለሁ። የገዛ እጄን እፈራለሁ። ዓለም ላይ የማልፈራው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ያንቺ እጅ ነው። አፈር ልብላልሽ ትይኝ አልነበር? ለኔ አበላሽኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስርጉት እናቷ የነካችውን ምግብ አልነካም አለች። እንቁላል ራሷ ትቀቅላለች፤ ሙዝ ራሷ ትልጣለች። በዚያው ሳምንት ጎንደር ሲሄዱ በአንድ አውቶቡስ፣ በተለያየ ወንበር ሄዱ።

ዶክተር ሙሉአለም የጥሩአየሁን ቃል ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲስተር አይናለም ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ «እርስዎን ነው የምናምን» ያለችው እሷ ናት። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቀው ስርጉትን ነበር። ሆዷን አሟት እንደሁ፣ የድሮውን ክኒን መቼ እንዳቋረጠች። ላቦራቶሪ ላካት፤ ተመስገን፣ ምንም አልተገኘባትም። የድሮውንም ክኒን እንደገና እንድትጀምር አደረገ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረ።

«እማማ፣ ዛሬ ባይናገሩ ምን ይሆን ነበር ያውቃሉ?»

«ልጄ ተስፋ ትቆርጥ ነበር።»

«እሱ አንዱ ነው። እዚህ ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው አለ። የስርጉት ስም ‹ወስዳ አልረዳትም› ከሚለው ጋር ይጻፍ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሦስት አራት እናት ቢኖር፣ የሚረዳ መድኃኒት አይረዳም ተብሎ ይወድቃል። የማያውቋቸው ልጆች ይቀርባቸዋል።»

ጥሩአየሁ ደረቷን መታች። «የሰውንም ልጅ ነው የበደልኩ?»

«ሊሆን ነበር። አሁን ግን የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ጥናቱን ለሚቆጣጠሩትም አሳውቃለሁ።»

«ሊፈትኗት ነው ብዬ ፈርቼ ነው፣ ዶክተር። እርስዎ እየፈተንን ነው ሲሉ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የምንፈትነው መድኃኒቱን እኮ ነው እንጂ ልጅዎን አይደለም።» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ይህ ቃል በእርስዎ ጆሮ ምን እንደሚሆን አለማሰቤ የኔ ጥፋት ነው። ጠበል ትሄዳላችሁ ወይ ብዬም ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ኖሮ ሁለቱንም ያዙ እላችሁ ነበር።»

ጥናቱ እስኪዘጋ አምስት ወር ፈጀ። ቁልፉ ተከፍቶ የማን ምን እንደነበር ሲታይ ዶክተሩ ደወለ። ስርጉት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ስርጉት፣ ያንቺ እውነተኛው መድኃኒት ነበር።»

ጥሩአየሁ ወጥታ አጥሩ ጥግ ሄደች። ሰባ ሰባት ቀን ሙሉ ልጇን ሊረዳት ይችል የነበረውን ነገር ለኒም ዛፍ አብልታለች። ልጇ ስትደማ የከረመችው፣ «እኔ የማልድን ነኝ» ያለችው በሽታው ስላየለ ብቻ አልነበረም። ዱቄት ቢሆን ኖሮ በደሏ በቀለላት ነበር። አልቀለላትም።

ከጥናቱ ውጭ ስርጉት ደራቢውን መድኃኒት ጀመረች። ዶክተሩ፣ «ለሁሉ ሰው አይሠራም፤ ላንቺ እናያለን» ብሎ አስጠነቀቃት። ተአምር አልሆነም። በሁለተኛው ወር መታጠቡ ቀነሰ፤ ልምምዱም መያዝ ጀመረ። በአራተኛው ወር ሦስት ጀሪካን በቃት። አሁንም ሐሳቡ ይመጣባታል፤ አንዳንድ ቀን ያሸንፋታል። ደብዳቤዋን ግን ቀዳ ጣለችው። ወደ ሥራ በተመለሰችበት የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብታ ጠመኔውን በባዶ እጇ ስታነሳ አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ በረኪናስ?» አላት። «አለቀብኝ» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያው ወር ሰንበቴ ላይ፣ ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ ጥሩአየሁ ተነሳች። ቄስ ያረጋል ፈተዋታል፤ እንድትነሳ ያዘዛት የለም። ሴቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«እናንተ ሰዎች፣ ልጄን አፈር ያበላኋት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች። የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ስትጨርስ አለምነሽ ከጥግ፣ «ጥሩዬ፣ የኔን ስም ለምን ዘለልሽው? ምክሩ እኮ የኔ ነው» አለች። ዐይኗ ውኃ አቅርሯል።

«ምክሩስ ያንቺ ነው፣ እቴ። እጁ ግን የኔ ነው።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ቤታችሁ በሽተኛ ያለባችሁ፣ እኔን እዩኝ። ጠበሉን ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ። ያልገባችሁን ቃል ጎረቤት አትጠይቁ፤ የተናገረውን ሐኪም ጠይቁ። ጠበል እንሄዳለን ብላችሁ ንገሩት። የማትፈልጉትን አንፈልግም በሉት፤ አይቆጣችሁም። በበሽተኛው ሆድ ላይ ግን ተደብቃችሁ አትፍረዱ። በር ዘግታችሁ የምትሠሩት መልካም ነገር ካለ፣ እሱ መልካም አይደለም። እኔ በሩን ስዘጋ አውቄው ነበር።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ትከሻዋን ስመው ሄዱ። አንዲት ከሽንፋ የመጣች ሴት ብቻ ቀረችና የዶክተሩን ስልክ በወረቀት አስጻፈች። ወንድሟ ቤቱን ዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ዓመቱ ነው።

ስርጉት አሁን ከእናቷ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች። ይህ የመጣው ባለፈው ፋሲካ ነው፤ ጥሩአየሁ አላጎረሰቻትም፤ ልጅቱ ራሷ እጇን ሰድዳ ቆረሰች። ክኒኗን ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ፣ በየጠዋቱ ራሷ አውጥታ ትወስዳለች። ጥሩአየሁ በዚያች ሰዓት ከቤት ወጥታ ደጅ ትቆማለች። ማንም ውጪ ያላት የለም።